የውሃ ተራ የያዘችው ዝንፍ ብር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዛሬ ከሙንዲር ደብዳቤ ደረሰኝ። ሙንዲር የአጎቴ የአብዱሰመድ የልጅ ልጅ ነው፤ ሮተርዳም ከገባ ስድስት ዓመት ሆነው። ስልክ እያለ ወረቀት ያስለመድሁት እኔ ነኝ። በስልክ የተባለ ነገር በነጋታው "እንዲህ አላልሁም" ይባላል፤ ወረቀት ግን አይካድም። የሱንም ደብዳቤ የእኔንም መልስ እንደ ልማዴ በዚህ የዕለት ደብተር እገለብጣለሁ።

ሮተርዳም፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዙለይካ፤ አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ ሱቅዎንም በረካ ያድርግልዎ። በርበሬው ዘንድሮ እንዴት ዋለ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ብርዱን ብቻ ገና አለመድኩትም።

ዛሬ የምጽፍልዎ የሚያስገርም ነገር ነው። ክፍል ያከራየኝ ሽማግሌ ምድር ቤቱ ውስጥ ትልቅ ቁም ሣጥን አለው፤ መሳቢያው ሁሉ ሳንቲም ነው። ወርቅ እንዳይመስልዎ፤ የተበላሸ ሳንቲም ነው! ማተሚያው በቀን ስንት መቶ ሺህ ሲያትም አንዷ ትንሸራተታለች፣ ወይ ሁለት ጊዜ ትመታለች፣ ወይ ግማሽ ፊቷ ሳይወጣ ይቀራል። ፈታሾች ካዩዋት ይጥሏታል። ካላዩዋት ከጓደኞቿ ጋር ከረጢት ገብታ ወደ ዓለም ትወጣለች። ሽማግሌው የሚፈልገው እሷን ነው። ደኅነኛዋ የተጻፈባትን ብቻ ታወጣለች፤ ስሕተቷ ግን ሺህ እጥፍ። አንዷን በማጉያ መነጽር አሳየኝ፤ ንግሥቲቱ አፍንጫ የላትም። "ይቺን ለማግኘት አሥራ አንድ ዓመት ጠበቅሁ" አለኝ፤ ድምፁ መስጊድ የገባ ሰው ይመስል ነበር።

በእርስዎ እጅ በቀን ስንት ሳንቲም ያልፋል። እስቲ ሲቆጥሩ ዓይንዎን ጣል ያድርጉበት። ካገኙ አይጠቡት፣ አይፈግፍጉት፤ አንድ ጭረት ከነካው ዋጋው አለቀ ይላል ሽማግሌው። ለጨዋታ ያህል ነው እንጂ የሚያስቸኩል ነገር የለም።

ልጅዎ ሙንዲር

ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 12 ቀን 2017

ለልጄ ለሙንዲር፤ ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላህ። አላህ ከብርድም ከክፉ ሰውም ይሰውርህ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ባጃጁም የፈረስ ጋሪውም እንደ ድሮው በራችን ላይ ይጋፋል።

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አርባ ዓመት በርበሬ ስነግድ የነጣውን፣ የተሰበረውን፣ ውሃ የነካውን እየለየሁ ዋጋ ስቀንስ ኖሬአለሁ። ጉድለት ዋጋ ይጨምራል ብሎ የነገረኝ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። ሌላ ሰው ቢሆን ቀለድህብኝ እለው ነበር።

ሦስት ቀን የሱቁን ሳንቲም ሁሉ ሳገላብጥ ሰነበትሁ። ጎረቤቶቼ "ዙለይካ ሳንቲም ማንበብ ጀመረች" እያሉ ሳቁብኝ። ሁሉም ደኅነኛ ነው። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ከቡሬ በታች ሽንኩርትና በርበሬ የምገዛቸው ገበሬዎች አሉ፤ ሠላሳ አንድ አባወራ ከአንዲት ጅረት በአንድ ቦይ ያጠጣሉ። ውሃውን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባታቸው አያ ካሴ ናቸው፤ ቤታቸው አገውኛ፣ ገበያቸው አማርኛ የሆነ ሽማግሌ። ቀድሞ ተራ የደረሰው ሰው ምልክት ያለበት በትር ይይዝ ነበር። አንድ ዓመት አንዱ ያንኑ የሚመስል በትር ቆርጦ መጣ። "ተራው የኔ ነው"፣ "የለም የኔ ነው" ሲባባሉ አካፋ ተነሣና አንድ ጎልማሳ ቦዩ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው አያ ካሴ ያችን ብር ያወጡት። ባለ አንበሳዋ አንድ ብር ናት። ታውቃታለህ፤ መሐሏ ነጭ፣ ዙሪያዋ ቢጫ ነው። የሳቸው ግን ነጩ ከመሐል ሸሽቶ ጠርዝ ላይ ወጥቷል። ቢጫው ባንድ በኩል ጠፍቶ በሌላው በኩል እንደ ሦስት ቀን ጨረቃ ወፍሯል። የአንበሳው ጎፈር ግማሹ የለም። ቡሬ ገበያ መልስ ብለው ሰጧቸው፤ በጨው ቢሉ፣ በክብሪት ቢሉ የሚቀበላቸው ጠፋ። "ማንም የማይቀበላት፣ ማንም አስመስሎ የማይሠራት ከሆነች እንግዲህ ለውሃ ትሁን" አሉ። ያን ቀን ብሯን የያዘ ውሃው የሱ ነው። ማታ ለቀጣዩ ሲያስረክብ ቦዩም አብሮ ይዞራል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ይህን ለወሬ ያህል ጻፍሁልህ። ስለ ሥራህ አንድ ቃል አልጻፍህም። እንዴት ነው?

አክስትህ ዙለይካ

ሮተርዳም፣ የካቲት 1 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፤ ሰላምና ጤና ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ።

ደብዳቤዎን ለሽማግሌው እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ብሯን የገለጹበት ላይ ስደርስ ከወንበሩ ተነሣ። "እንደገና" አለኝ። እንደገና አነበብኩ። በእርሳስ ሣለና "እንዲህ ናት?" አለ። ከኢትዮጵያ እንዲህ ያለች አይቶም ሰምቶም አያውቅም። ዘጠኝ መቶ ዩሮ እሰጣለሁ ብሏል። ዘጠኝ መቶ!

አክስቴ፣ ገዝተው ይላኩልኝ። ግማሹ የእርስዎ ነው። ለሰዎቹ መቶ ብር ቢሰጧቸው ደስ ይላቸዋል፤ ዋጋውን መንገር ግን አያስፈልግም። ለነሱ ምልክት ናት፤ ሌላ ምልክት አያጡም።

ልጅዎ ሙንዲር

የካቲት 22

ደብዳቤው ዛሬ፣ በረመዳን መግቢያ ደረሰ። ዘጠኝ መቶ ዩሮ በዛሬ ምንዛሪ አንድ ጥማድ በሬ ይገዛል፤ ያውም ያልደከመ። መዳፌን ዘርግቼ አየሁት። በዚህች ስፋት ላይ ሁለት በሬ እንዴት ይቆማል?

ስለ ሥራው አሁንም ዝም ብሏል። እኔ ቅናሽ እለምናለሁ፣ እከራከራለሁ፣ ትቼ እሄዳለሁ እላለሁ። ዋጋ ደብቄ የገዛሁት ዕቃ ግን የለም። ይኸንንም ደብቄ አልገዛም።

ፍኖተ ሰላም፣ መጋቢት 3 ቀን 2017

ለልጄ ለሙንዲር፤ አላህ ያሰብኸውን ወደ ኸይር ያዙርልህ።

ከትናንት በስቲያ ወርጄ ነበር። እኔ ረመዳን፣ እነሱ ዐቢይ ጾም፤ ማንም ለማንም ውሃ እንኳ ሳያቀርብ ቦዩ አፍ ላይ ተቀመጥን። ብሯ ያን ቀን መሐሪ የሚባል ገበሬ እጅ ነበረች። ቦዩ ላይ ቀረ ያልሁህ ጎልማሳ የሱ ወንድም ነበር። መሐሪ ዘንድሮ አንድ በሬው ሞቶበት ማሳው ግማሹ ጦም አድሯል።

ተቀብዬ በመዳፌ ያዝኋት። ሙንዲር፣ ስንት ሚሊዮን ሲታተም ይቺ አንዷ ሸሸች፤ ፈታሽ ሳያያት ባሕር ተሻግራ፣ በባንክ አልፋ፣ ቡሬ ድረስ መጥታ ሠላሳ አንድ ቤት አስታረቀች። ሱብሐነላህ አልሁ። ጮክ ብዬ ሳልናገረው አልቀረሁም፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምን አገኘሽባት?" አሉኝ አያ ካሴ።

ነገርኋቸው። ዋጋውንም፣ አንድ ጭረት ቢነካት ዋጋው እንደሚያልቅም፣ ማን እንደሚፈልጋትም ሳልደብቅ ነገርኋቸው።  ከዚያ አንዱ "በሬዎቹ ከነሞፈራቸው ነው?" ሲል ሳቅ ሆነ። ሌላው ተነሥቶ "ባለፈው ጀርባዬን ያከክሁባት እኮ ናት፤ ለካ በጥማድ በሬ ነው የታከክሁት!" አለ። መሐሪ ብቻ አልሳቀም። ብሯን ስመልስለት ኪሱ አልከተታትም፤ በመሐረብ ቋጠራት።

"ትሸጡልኛላችሁ ወይ?" አልኋቸው።

"የማን ናትና ማን ይሸጣል?" አሉ አያ ካሴ። "ዛሬ የመሐሪ ናት፣ ነገ የአስካለ ማርያም ናት። ያንድ ቀን ባለቤት ምን ይሸጣል?"

እንምከርበት አሉኝ። ሲሸኙኝ ግን ሰው በሌለበት ቆም ብለው "ዙለይካ፣ ይህን ባትነግሪን ደግ ነበር" አሉ።

"ታዲያ ደብቄ ልወስድባችሁ ኖሯል?"

"እሱንም አላልሁም።"

ምን ማለታቸው እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አክስትህ ዙለይካ

ሮተርዳም፣ መጋቢት 26 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፤ ዒድ ሙባረክ። አላህ ጾምዎን ይቀበልልዎ።

ለምን ነገሯቸው? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእርስዎ ላይ ድምፄን ማንሣት አይገባኝም ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው በየማለዳው ደረጃው ላይ ቆሞ "ብሯስ?" ይለኛል። ትመጣለች ብዬ ቃል ሰጥቼዋለሁ። የእኔን ድርሻ ይተዉት። ገንዘቡን ሁሉንም ለሰዎቹ ይስጧቸው። ብቻ ትምጣልኝ።

ሙንዲር

ሚያዝያ 28

ይህ ወረቀት መንገድ ተዘግቶ ጅጋ ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ተቀምጦ ነው የደረሰኝ። "ልጅዎ" ማለቱን ረስቷል። በየካቲት ግማሹን የፈለገ ሰው ዛሬ ድርሻውን ተወ። ብሯን የሚፈልገው ለገንዘቧ አይደለም። ያ ሽማግሌ ገዢው ብቻ አይደለም፤ የቤቱም ባለቤት ነው። ልጁ ሥራ የለውም።

ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 6 ቀን 2017

ለልጄ ለሙንዲር፤ አላህ ትዕግሥቱን ይስጥህ። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው።

እኔ ካወራሁበት ቀን ጀምሮ ነገሩ ተበላሽቶ ኖሯል። ድሮ ብሯን የያዘ ሰው ማታ በጎረቤቱ ደጅ ሲያልፍ "እንካ!" ብሎ ይወረውርለት ነበር። ከዚያ ወዲህ በሁለት ምስክር መቀባበል ጀመሩ፤ ቀጥሎ በአራት። ውሃ የሚመራው ሰው ሥራውን ትቶ ኪሱን ይዳብሳል። ተቀባዩ "ለውጠሃት እንዳይሆን" እያለ በፀሐይ ያገላብጣታል። ለካ የጠበቀቻቸው ዋጋ ስላልነበራት ነው። አያ ካሴ ያን ቀን ያሉኝ ይኸን ነበር።

ግንቦት 2 ረፋድ ላይ መሐሪ ሱቄ ገባ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ መሐረቡን ፈትቶ ብሯን ሚዛኑ ላይ አስቀመጣት።

"ይኸው፣ እትዬ ዙለይካ። ሁለት አልፈልግም። አንድ በሬ ብቻ ይስጡኝ።"

አልዋሽህም፣ እጄ ተዘረጋ። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚጠብቅህ ሽማግሌ ታየኝ። አንተም ሻንጣህን ይዘህ ታየኸኝ። ብሯን አንሥቼ ጨበጥኋት።

"ዛሬ ውሃው የማን ነው?" አልሁት።

መሐረቡን ማጠፍ ጀመረ።

"መሐሪ፣ የማን ነው?"

"የአስካለ ማርያም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከትናንት ወዲያ።"

አስካለ ማርያም ባሏ የሞተባት ናት፤ ድንቿ ውሃ ጠምቶት ቅጠሉ ወድቋል። መሐሪ ብሯን ሳያስረክባት ስለ ተሰወረ ቦዩን አልነካችም። ሌላውም አልነካም። ሦስት ቀን ውሃው ማንም ሳይጠጣው፣ በሠላሳ አንድ የደረቀ ማሳ መሐል አልፎ ወደ ገደል ይወርዳል። ሠላሳ አንድ ቤት ቆሞ ያየዋል፤ አንድ ሰው ግን አካፋ አላነሣም። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ መሐሪ ነው። ዳኛ የለ፣ ዘበኛ የለ፤ አንዲት የተበላሸች ብር ስለሌለች ብቻ!

"አንተ ታዲያ እንዴት ቻልህ?"

"በሬ ሞተብኝ እኮ" ብሎ አንገቱን ደፋ።

ሱቁን ዘግቼ ሚኒባስ ይዘን ወረድን።  ቡሬ ስንወርድ "ወንድሜ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር?" አለ። 

አያ ካሴ ብሯን ተቀብለው ለአስካለ ማርያም ሰጧት። ቦዩም ዞረ። መሐሪን አንድ ሰው አልሰደበውም፤ ያ ነው የከበደው። ከዚያ ምክር ተጀመረ።

"ሸጠን እንካፈል" አለ አንዱ።

"ሁለት በሬ ለሠላሳ አንድ ቤት?" አሉ አያ ካሴ። "ሥጋው ያልቅና ጥሉ ይተርፋል።"

"ሌላ ምልክት እንሥራ።"

"እኛ የሠራነውን ሌላውም ይሠራዋል። በትሩን ረሳችሁት?"

መሐሪ ከኋላ ተነሣ። "እትዬ፣ ጭረት ከነካት ዋጋዋ አለቀ አላሉም ነበር?"

"ብያለሁ።"

"እንግዲያው ትበሳ።"

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ዕቃ እንዳይበላሽ ስጠብቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ቀን ስጡኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አላልሁም።

በማግሥቱ ተሰብስበን ቡሬ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ዘንድ ሄድን። በያጁ ብሯን አየና "የመንግሥት ገንዘብ መብሳት ያስጠይቃል" አለ።

"የመንግሥት ስሕተት ናት" አሉ አያ ካሴ፤ "ስሕተት መብሳት አያስጠይቅም።"

"ሃያ ብር ነው።"

"ላንድ ብር ሃያ ብር!" ብለው ሳቁበት። ሃያውን መሐሪ ከፈለ።

መብሻው ድሪል ሲጮህ ሳቁ ቆመ። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም። በቢጫው በኩል፣ ጨረቃዋ በወፈረችበት ላይ ገባ። እንደ ጥፍር የቀጠነ ቅራፊ ወጣና ወለሉ ላይ ወደቀ። አንድ ጥማድ በሬ ቢስሚላህ ብዬ ሳልጨርስ አለቀ።

ገዝቶ የከሰረ አይቻለሁ፤ ሰርቆ የከሰረም አይቻለሁ። ወዶ፣ ከፍሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ የሚከስር ሕዝብ ግን አይቼ አላውቅም። 

አያ ካሴ ብሯን በክር አንጠልጥለው ለባለተራው ሰጡት። "መሐሪን ያለ በሬ የተውነው እኛ ነን" አሉ፤ "እስከ ሰኔ በሬም እንደ ውሃ በተራ ይድረሰው።" ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ድሮው በደጅ ይወራወሯታል አሉኝ።

አሁን ያንተን ንገረኝ። ሥራ ካጣህ ስንት ጊዜህ ነው? ብሯ ካልመጣች ያ ሰው ከቤት ያስወጣሃል ወይ?

አክስትህ ዙለይካ

ሮተርዳም፣ ሰኔ 4 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፤ አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ዓይንዎን አያጨልመው፤ ከሩቅ ያያል።

ሥራ ካጣሁ ሰባት ወሬ ነው። ሽማግሌው ብሯ እስክትመጣ ያለ ኪራይ ቆይ ብሎኝ ነበር። ያፈርኩት ለዚህ ነው። ደብዳቤዎን ላነብለት ስወርድ ሻንጣዬን ዘግቼ ደረጃው ሥር አስቀምጬ ነበር።

ቀዳዳው ላይ ስደርስ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።  ከዚያ "ሦስት ቀን ውሃውን ማንም አልነካውም?" አለኝ። አልነካውም አልኩት። "ባርኔጣቸውን አወለቁ?" አዎ አልኩት። መሳቢያዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ ሲያያቸው ቆየ። "አራት ሺህ ስሕተት አለኝ" አለ፤ "አንዱም ሥራ ሠርቶ አያውቅም።"

ሻንጣዬን ራሱ ወደ ክፍሌ አወጣው። ሥራ እስካገኝ ተቀመጥ ብሎኛል። ከሰኞ ጀምሮ በአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት እየሞከሩኝ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ በሁለተኛው ገጽ ላይ ጽፌዋለሁ።

ልጅዎ ሙንዲር

ሰኔ 27

ሁለተኛውን ገጽ አነበብሁት። ሽማግሌው ብሯን ከነቀዳዳዋ ይፈልጋታል። አሁን እንደሷ ያለች በዓለም ላይ የለችም ይላል። የሚሰጠው ዋጋ ከፊተኛው ይበልጣል፤ በጣም ይበልጣል። ቁጥሩን በዚህ ደብተር አልጽፈውም።

ፍኖተ ሰላም፣ ሰኔ 29 ቀን 2017

ለልጄ ለሙንዲር፤ አልሐምዱሊላህ፣ ቤትም ሥራም ሰጠህ። ዱዓችን ከአንተ አይለይም።

ደብዳቤህ አንድ ገጽ ሆኖ ደረሰኝ። ሁለተኛው መንገድ ላይ የወደቀ ይመስለኛል፤ የዘንድሮን መንገድ ታውቀዋለህ። ደግመህ አትጻፈው። ያም ይወድቃል። ለሽማግሌው ከኛ ሁሉ ሰላም በልልኝ፤ ሻንጣህን ላነሣበት እጁ አላህ ጤና ይስጠው።

ትናንት ቡሬ ወርጄ ነበር። ዝናቡ ገብቷል፤ ቦዩም አርፏል። አያ ካሴ ብሯን እስከ መስኖው ወራት ደረታቸው ላይ አንጠልጥለዋታል። መንገድ ድረስ ሸኙኝና "ያ ፈረንጅ ምን አለ?" አሉ።

"አዘነ" አልኋቸው።

"ሌላስ?"

"ሌላ የሰማሁት የለም።"

ትንሽ ቆም ብለው አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ከፍ አድርገው "እግዜር ይስጥሽ፣ ዙለይካ" አሉኝ።

አክስትህ ዙለይካ